አጋፋሪው የሚሰጠው ቦታ

ጎንደር፣ ቁስቋም
ሐምሌ 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለባለቤቴ ለምንይችል፣ ለቤታችን ኮምፒውተር የበላይ ጠባቂ፣
አዲ አርቃይ፤

የቆላው ሙቀት እንዴት ይዞሃል? የወንድምህስ ሱቅ? እዚህ ሰሞኑን ጉሙ መስኮት ድረስ እየመጣ ቤቱን ሁሉ እንቅልፍ እንቅልፍ ሲያሰኘው ከረመ። ስልክ ስለማታነሳ ይኸው በኢሜይል እጽፍልሃለሁ፤ ያውም ከራስህ ኮምፒውተር። አትደንግጥ፣ ኢንተርኔቱ ተመልሷል።

የሚያሳስበኝን ላስቀድም። እናቴ ጓዟን ሸክፋለች። "ሰውን ከቤቱ ያስወጣሁት እኔ ነኝ፤ አምባ ጊዮርጊስ ቤቴ እገባለሁ" ትላለች። የጉልበቷ ሕመም ገና እንዳልተሻላት ታውቃለህ፤ እዚያም ብቻዋን ናት።

ያስኮበለለህ ያ ጽሑፍ ነው አይደል? እናቴ ስልኳን ከዋይፋዩ ባገናኘች ቀን ኮምፒውተርህ ላይ "ይህ አድራሻ በሌላ ተይዟል" የሚል ወጣ። አንተም "በገዛ ቤቴ ቦታ አጣሁ" ብለህ ቦርሳህን አነሳህ።

የቢሮ ጓደኛዬን ፍሬን ጠርቼ አሳየኋት። የኮምፒውተሩን የአድራሻ ቁጥር ከፍታ አየችና፣

"ይህን ቁጥር በእጁ የጻፈው ማነው?"

"ባለቤቴ።"

"ምነው፣ ርስት መሰለው?"

እንዳስረዳችኝ፣ ያ የዋይፋይ ሳጥን የድግስ አጋፋሪ ማለት ነው፤ ለመጣው ሁሉ ባዶ ቦታ እያየ ቁጥር ያድላል። የአንተ ኮምፒውተር ግን አጋፋሪውን ሳይጠይቅ ገብቶ ተቀምጧል። አጋፋሪው ምን ያውቃል፣ ያንኑ ቦታ ለእናቴ ስልክ ሰጠው። እሷ ምንህንም አልቀማችህም።

እኔም እንደ አዋጅ ነጋሪ ተነሥቼ ቆሜ፣ "አድራሻውን በራሱ እንዲቀበል" የሚለውን ተጫንኩት። ሥራው ይኸው ብቻ ነበር። ኮምፒውተሩ የተሰጠውን ተቀበለ፤ እንደ አንዳንድ ሰው አላኮረፈም።

ከዚያ ዝናቡ ሲያንሾካሹክ ወንበሩ ላይ አሸለበኝ። በሕልሜ ደመና ላይ ዳስ ተጥሏል። ቴሌቪዥኑ ጋቢ ደርቦ፣ ስልኮቹ ነጠላ አጣፍተው ይገባሉ፤ አጋፋሪው እጅ እየነሣ ያስቀምጣቸዋል። አንተ የራስህን በርጩማ ታቅፈህ በሩ ላይ ቆመሃል። "አያ ምንይችል፣ ቦታ አለ፤ በርጩማውን ያውርዱት" አለህ አጋፋሪው። ምን እንደመለስክለት ሳልሰማ ነቃሁ።

ለእናቴ የቁጥር ጉዳይ እንጂ የእሷ ጥፋት እንዳልሆነ ነገርኳት። "እሱ ራሱ ይንገረኝ" አለች። እኔ ና አላልኩህም፤ እኔም ኩራት አለኝ። ለእሷ ግን ደውልላት።

ትናንት "ጉም ነው፣ ማኪና አይነሣም" ብዬ አስቀርቻታለሁ። ዛሬ ሰማዩ ወለል ብሎ ጠርቷል። መጋረጃውን ዘግቼ ነው የምጽፍልህ።

የቁስቋሟ እመቤት ባለህበት ትጠብቅህ፤ ስትመለስም መንገዱን ታድርቅልህ።

ባለቤትህ
ባንቺአየሁ