ጽዋውን ሲያሳልፉ የኖሩት ወይዘሮ ሐመልማል ጉልላት

ወይዘሮ ሐመልማል ጉልላት ከአባታቸው ከአቶ ጉልላት አየለ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ አስቻለች በየነ በ1948 ዓ.ም. በጉለሌ፣ ከእንጦጦ ማርያም በታች ባለው ሰፈር ተወለዱ። ወላጆቻቸው ጾም የማይገድፉ፣ በዓል የማያስታጉሉ ሰዎች ነበሩ። ወይዘሮ ሐመልማል ግን ከልጅነታቸው ጀምሮ ሰው ይመርጡ ነበር፤ ያልወደዱትን ሰው ሰላም ሲሉ እንኳ ዓይናቸውን አይሰጡትም። ይህ ጠባይ እስከ መጨረሻው አብሯቸው ስለኖረ ዛሬ ደርሶ ሊደበቅ አይችልም፤ እዚህ ከተቀመጠው ሰው ግማሹ ቀምሶታል።

እስከ ስምንተኛ ክፍል በሰፈራቸው ከተማሩ በኋላ በ1965 ዓ.ም. በአንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ተቀጠሩ፤ ከዓመታት በኋላም የፈረቃ ኃላፊ ሆኑ። በእሳቸው ፈረቃ አርፍዶ የመጣ ሠራተኛ ከማለዳ ሠራተኛ እኩል ታይቶ አያውቅም።

በ1968 ዓ.ም. ወንጌልን አምነው ተጠመቁ። በ1970 ዓ.ም. ከከባድ መኪና ሹፌሩ ከአቶ ኢታና ለታ ጋር ተጋቡ። በዓመቱ፣ ጸሎት ቤቶች በተዘጉበት በደርግ ዘመን፣ ወይዘሮ ሐመልማል ከአማኞች ጋር በሰው ቤት ተደብቀው ሲጸልዩ ተይዘው ለወራት ታሰሩ። አቶ ኢታና በዚያ ሁሉ ጊዜ ስንቅ ይዘው ብቅ አላሉም፤ ጎረቤት ሲጠይቃቸው «ዘመድ ጋ ሄዳለች» ይሉ ነበር። ከእስር ሲፈቱ ቤዛብሕን፣ ቀጥሎም ሄራንን ወለዱ። በ1984 ዓ.ም. አቶ ኢታና ገበያ እንደሚወጣ ሰው አንድ ፌስታል አንጠልጥለው ወጡ፤ አዳማ ከሌላ ሴት ጋር መኖራቸው የተሰማው ቆይቶ ነው። ልጆቹን ያሳደገችው የስፌት መኪና ናት።

በ2004 ዓ.ም. የአቶ ኢታና ግማሽ አካል አልታዘዝ ሲል ያቺ ሴት በላዳ ጭና አምጥታ በር ላይ አራገፈቻቸው። ወይዘሮ ሐመልማል አስገቧቸው። ለምን እንዳስገቧቸው ለጠየቀ ሁሉ መልሳቸው «ውሻም ቢሆን በር ላይ አይሞትም» የሚል ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ አጎረሷቸው፣ አጠቧቸው፤ ፊታቸውን ግን አላዩአቸውም። አቶ ኢታና በ2006 ዓ.ም. ሊሞቱ ጥቂት ቀን ሲቀራቸው አንድ ወጣት ወንጌላዊ ጸለየላቸው፤ አመኑ፣ አለቀሱ፣ በተሳሰረ አንደበታቸውም ጌታ ተቀብሎኛል አሉ። ወይዘሮ ሐመልማል ይህን የሰሙት ሳፋውን ይዘው እንደቆሙ ነው።

በቀብሩ ዕለት የታተመው ጽሑፍ ሌላ ሰው የሞተ አስመሰለው። የሞተ ልጅ አንገቱ ረጅም ነው እንዲሉ፣ የሟቹ ወንድሞች የጻፉት የሕይወት ታሪክ አቶ ኢታናን «ለትዳራቸው ታማኝ» ይላቸው ነበር። አንባቢው እዚያ ሲደርስ ወይዘሮ ሐመልማል ከፊት ወንበር ተነሱና ድምፃቸውን ሳያነሱ፣ «ታማኝ የሚለውን ዝለለውና ቀጥል» አሉት። ዘለለው። ሰፈሩ በዚህ ለወራት አማቸው፤ ካሙት ውስጥ ግን ያንን በሽተኛ አንድ ቀን አገላብጦ ያስተኛ ሰው አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ የጌታ እራት ሲቀርብ ጽዋውን ሳይቀምሱ ለጎረቤታቸው ያሳልፉ ነበር። ከቤተ ክርስቲያን አልቀሩም፤ ከኋላ ወንበር ተቀምጠው፣ ሰባኪ ሲሳሳት ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ። የቤተ ክርስቲያናቸው መሪ ፓስተር ቢኒያም ሊመክሯቸው ቤታቸው ሲሄዱ ወይዘሮ ሐመልማል ኢታና መንግሥተ ሰማያት ገብቷል ወይ ብለው ጠየቋቸው። ፓስተሩ በጸጋ ገብተዋል፣ እርስዎም በጸጋ ይገባሉ፣ በዚህ እርግጠኛ ይሁኑ አሏቸው።

«መግባቴንማ እርግጠኛ ነኝ» አሉ ወይዘሮ ሐመልማል። «እሱ ካለበት ቤት መግባት መፈለጌን ነው ያላወቅሁት።»

ፓስተሩ በዚህ ቢያቆሙ መልካም ነበር። ነገር ግን ማለዳ የገባውንና ሊመሽ ሲል የመጣውን ሠራተኛ እኩል የከፈለውን የወይን እርሻ ጌታ ምሳሌ አመጡ፤ ያውም ለፈረቃ ኃላፊ። ወይዘሮ ሐመልማልም ያ ሰውዬ በእኛ ፋብሪካ ሳምንት አይሰነብትም ብለው ሻያቸውን አስጨርሰው ሸኟቸው። ታላቅ እህታቸው ወይዘሮ ማሚቴም ከእንጦጦ ማርያም በተመለሱ ቁጥር በጌታ ቀኝ ተሰቅሎ ምሕረት ያገኘውን ወንበዴ ያነሱላቸው ነበር። መልሳቸው ያ ወንበዴ ቢያንስ የእኔ ባል አልነበረም የሚል ነበር። ልጆቻቸው የሚፈሩት ሞታቸውን አልነበረም፤ ከነንቀታቸው፣ ጽዋውን እንዳሳለፉ መሞታቸውን እንጂ።

በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ የኩላሊት ሕመም ጣላቸው። ጳውሎስ ሆስፒታል ሲታከሙ ቆይተው ወደ ቤታቸው ሲመለሱ በራሳቸው መታጠብ አልቻሉም። ሄራን ሳፋውን ይዛ ስትገባ ያባርሯት ነበር። አንድ ጠዋት ግን አላባረሯትም፤ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረውም አለቀሱ። ያሳመመቻቸው መስሏት እጇን ብትሰበስብ፣ «እጠቢኝ» አሏት። «ኢታና ሳጥበው ዝም ይል ነበር። ዓይነ ደረቅ እያልኩ ስንቀው ኖርኩ። ለካ ምንም ሳይሰጡ መቀበል እንዲህ ያማል።»

በዚያው ሳምንት ፓስተር ቢኒያም እንዲጠሩ፣ ነገር ግን እንዳያስተምሯቸው አዘዙ። ፓስተሩ ትእዛዙን አክብረው ጽዋውን ብቻ ይዘው መጡ። ወይዘሮ ሐመልማልም ከዓመታት በኋላ ተቀብለው ጠጡ።

ሰኔ 3 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በስልሳ ዘጠኝ ዓመታቸው በጌታ አረፉ። በጉለሌ የእጽዋት ማዕከል የሚሠራው ልጃቸው ቤዛብሕ ኢታና፣ ያስታመመቻቸው ልጃቸው ሄራን ኢታና፣ የልጅ ልጆቻቸውና እህታቸው ወይዘሮ ማሚቴ ከኋላቸው ቀርተዋል። ወይዘሮ ማሚቴ ነፍሷን ይማር ሲሉ፣ በእኛ በወንጌል አማኞች ቤት ለሞተ እንዲህ አይባልም ብላችሁ ልታርሙ የተዘጋጃችሁ ትኖራላችሁ። ሟቿ ከእህቴ አፍ ማንም እንዳይነጥቃት ብለዋልና አርፋችሁ ተቀመጡ።

ይህንን ጽሑፍ በተመለከተም ለሄራን ቃል ትተዋል። እስሩ እውነት ስለሆነ ይጻፍ፤ በመታሰሬ ግን ምንም አልገዛሁበትም ብለዋል። ሄራን «በእምነታቸው የጸኑ፣ ለጌታቸው ታማኝ» ብላ መጀመሯን ስታነብላቸው ከትራሳቸው ቀና አሉ።

«ታማኝ የሚለውን ዝለይው» አሏት። «እንደ ኢታና ገባች ብለሽ ጻፊ።»

ማለዳ የመጣውንም ሲመሽ የደረሰውንም በአንድ በር የሚያስገባ ጌታ ስሙ ይባረክ። ወይዘሮ ሐመልማል ጉልላት እንደ ኢታና ገቡ።