የሁለት ጣት ቡሽ

ውድ ወንድሜ፣

ሾፌርህ አሮጌ ጫማህን በጋዜጣ ጠቅልሎ አመጣልኝ። ተቀመጥ ብለው እምቢ አለ፤ “መልስ ሳይሰጡኝ እንዳልመለስ ተብያለሁ” ብሎ በሩ ላይ ተገትሮ ቀረ። ደብዳቤህን አነበብኩት። ከስድስት ዓመት ዝምታ በኋላ የጻፍክልኝ አራት መስመር ነው፦ የልጄ ሰርግ ሦስት ሳምንት ቀረው፣ ጫማው አለቀ፣ እትዬ አንድ ጥንድ ብቻ፣ የልጄ አማቾች ስለ እግሬ የሚያውቁት ነገር የለም። “ደህና ነሽ ወይ” የሚል ነገር ካለበት ብዬ ወረቀቱን ገልብጬ ሁሉ አየሁት።

መልሱን በሾፌርህ አፍ መላክ እችል ነበር። ግን መጀመሪያ የአባባ ጫማ ሱቅ እንዴት እንደተከፈተ የማስታውስህ ነገር አለ። አንተ ያኔ የአምስት ዓመት ልጅ ነበርክ፣ እኔ አሥራ አንድ ሞልቶኝ ነበር።

አባባ አናጢ ነበር። ስለ ጫማ የሚያውቀው ማድረግና ማውለቅ ብቻ ነው። ግራ እግርህ ከቀኙ በሁለት ጣት ያጥር ስለነበር ይዞህ ያልዞረበት ጫማ ቤት የለም። ሁሉም “ለአንድ ልጅ ብለን?” እያሉ መለሱት። መጋዙን አስቀምጦ ወስፌ ያነሳው ያኔ ነው። እግርህን በእንጨት ቀርጾ ፎርማ አወጣ። ስድስት ጥንድ አበላሸ፤ እማማ “ይሄ ሰውዬ ለየለት” ትል ነበር። ሰባተኛውን ስታደርግ ከበሩ እስከ ቧንቧው ድረስ ሮጥክ። አባባ ግድግዳውን ተደግፎ ሲያለቅስ አይቻለሁ። በሳምንቱ አንዲት ሴት እግሩ እንዳንተ የሆነ ልጇን አዝላ “የዚህን ቤት ልጅ ጫማ ማነው የሠራው?” እያለች መጣች። ሱቁ የተከፈተው እንዲህ ነው።

አንድ ጥፋት ግን አጠፋ። ግራው እንዲስተካከል ያስገባውን የሁለት ጣት ቡሽ ከተረከዙ ሥር ደብቆ፣ ከውጭ ሲያዩት ሁለቱም ጫማ እኩል እንዲመስል አድርጎ ሠራልህ። “ልጄን ማንም አይጠቋቆምበትም” ይል ነበር። ከሰው መደበቁ ባልከፋ፤ ከራስህም ደበቀው። ዕድሜህን ሙሉ ቀጥ ብለህ ስትራመድ፣ ያ አካሄድ የራስህ መሰለህ።

አባባ ሞቶ ሥራ አስኪያጅ የሆንክ ጊዜ ሁላችንንም ሰብስበህ “ድርጅት የሚኖረው ለምንድን ነው?” ብለህ ጠየቅከን። ሽማግሌው ቆዳ ቆራጭ “ሰው እንዲራመድ ነዋ ልጄ” አለህ። ሳቅክበት። “ለትርፍ ነው አባቴ፣ ሌላው ተረት ነው” አልከው። በማግስቱ በሩ ላይ ለጠፍክ፦ ከሁለት መቶ ጥንድ በታች ትእዛዝ አንቀበልም። አባባም እኮ ያተርፍ ነበር፤ የሚያተርፈው ግን በማግስቱም በሩን ለመክፈት ነበር።

በዚያው ሳምንት፣ እግሯ እንዳንተ ለሆነ ልጇ በየዓመቱ ጫማ የምታሠራው የጽዳት ሠራተኛ ልጅቷን ይዛ መጣች። ልጅቷ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው፤ አሮጌው ጫማ ጠቧት ጣቶቿ ቆስለዋል። “እህቴ፣ እኛ በጎ አድራጎት አይደለንም” አልካት። “በነጻ አላልኩም እኮ ጌታው፣ ከፍዬ ነው” አለችህ። አንተ ወረቀቱን በጣትህ አሳየሃት። እኔ ጓዳ ሆኜ ያንተን ቡሽ እየሞረድኩ ነበር። ወጥቼ በሰው ፊት “ያንተስ አንድ ጥንድ አይደለም ወይ?” አልኩህ። ጫማህን አስጨርሰህ አባረርከኝ። አባባ የቀረጸውን የሰው እግር ሁሉ ደግሞ ለማገዶ ሰጠኸው። ያንተም ፎርማ እዚያው ውስጥ ነበር፤ አላወቅከውም።

ልጅቷ ዛሬ ከእኔ ጋር ነው የምትሠራው። ጥቅልህን የፈታችው እሷ ናት። ጫማውን ገልብጣ አየችና “የማን እንደሆነ አወቅሁት” አለች። ቀጥላ ምን ብትል ጥሩ ነው? “እንሥራለት እትዬ፣ ሰርግ ነው።” ከእኔ ትሻላለች፤ ከአንተማ አላወዳድራትም። አይሆንም አልኳት።

አቅቶኝ አይደለም። እግርህን ዓይኔን ጨፍኜ እቀርጸዋለሁ፤ በአምስት ቀን ይደርስልህ ነበር። ሦስት ጫማ ቤት ዞረህ “ለአንድ ጥንድ ብለን ፎርማ አናወጣም” እንዳሉህም ሾፌርህ አጫውቶኛል። ሥራ በዝቶብኛል ብዬ ልዋሽህ አስቤ ተውኩት። የማልሠራልህ ስለምጠላህ ነው። አባባ ቢሰማ በጥፊ ይለኝ ነበር፤ ይበለኝ።

አሮጌውን መልሼ ልኬልሃለሁ። ቡሹን አውጥቼ አስቀርቼዋለሁ፤ ለሌላ ሰው ይሆናል።

ልጅህ ትናንት ደውላ “አክስቴ፣ እንዳትቀሪብኝ” ብላ ለምናኛለች። አልቀርም። የፊት ወንበር እንድትይዝልኝም ነግሬያታለሁ። ክንዷን ይዘህ በዚያ ሁሉ ሰው መሃል ስትገባ እዚያው ተቀምጬ ታገኘኛለህ። የማየው ሙሽራዋን አይደለም።

እህትህ