እንኳን መኪናዎ ነፍስ ዘራች

ለከተማችን የመንገድና የፍሳሽ ጽሕፈት ቤት ዋና ኃላፊ፣

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ፣ ደረትዎን ብርድ፣ እግርዎን ርጥበት ሳይነካው፣ ከነቤተሰብዎ በደረቅ ቦታ በሙሉ ጤና እንዲከርሙ ከልብ እመኛለሁ። ጉዳዬን ከዚህ ቀደም በማመልከቻ ሳቀርብ ቆይቻለሁ፤ ማመልከቻ ደረጃ መውጣት እንደሚከብደው ስለ ተረዳሁ ግን፣ በጋዜጣ ቢሆን ከጠረጴዛዎ ይደርስ እንደሆነ ብዬ ይህን በግልጽ ጽፌዋለሁ። ዕድሜዬን ሳይንስ ሳስተምር ስለ ኖርኩ ነገሬን በተራ ቁጥር ማስቀመጥ ልማዴ ነው፤ ይታገሡኝ።

አንደኛ፣ እንኳን ደስ አለዎት። ባለፈው ክረምት ከባቡር ድልድዩ ሥር በጎርፍ የሰጠመችው ቅንጡዋ የጽሕፈት ቤቱ መኪና አዲስ ሞተር ገብቶላት ሥራ መጀመሯን በዓይኔ አይቻለሁ። ሞተሩን የቀየረላችሁ መካኒክ የቀድሞ ተማሪዬ ነው። እንዳስረዳኝ፣ ውኃው በአየር ማስገቢያው ገብቶ፣ መኪናዋም ዞር ብሎ የሚያያት ሳታገኝ በግቢያችሁ ቆማ ስለ ከረመች፣ ፒስተኖቹ ዝገው ከሲሊንደሮቹ ጋር ተጣብቀዋል፤ በረጅም ብረት ቢታገሉትም ሞተሩ ንቅንቅ አላለም። «ጋሼ፣ ይኼ የሞተ ነው፤ ሌላ ይምጣለት ብዬ ጻፍኩላቸው» አለኝ። እናንተም ሳትውሉ ሳታድሩ አዘዛችሁ፤ አዲሱም ሞተር በእንጨት ሣጥን ታሽጎ በአውሮፕላን መጣ። ጽሕፈት ቤትዎ ሲፈልግ እንዲህ መፍጠን የሚችል መሆኑን ባለማወቄ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ሁለተኛ፣ በመኪናዋ ውስጥ ብቻውን የነበረው ሾፌር ልጄ ነው። ተወካይዎ ለቅሶ ሊደርሱን መጥተው፣ ጫማቸውን ከበራፋችን ጭቃ እየጠበቁ፣ «እንግዲህ ይጽናኑ፤ የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም» ብለውናል። ለማጽናኛው እናመሰግናለን። ነገር ግን ለመዝገብዎ ትክክለኛነት ስል አንድ እርማት እንዳቀርብ ይፍቀዱልኝ፤ ያ ውኃ አልፈሰሰም። ልጄ የሞተውም ውኃው መፍሰሻ ስላጣ ነው።

ሦስተኛ፣ መፍሰሻ ያጣበትን ምክንያት በተመለከተ። ከድልድዩ ሥር፣ መንገዱ በጣም ዝቅ በሚልበት ቦታ፣ ውኃውን ወደ ቦዩ የሚያወርድ ሰፊ የብረት ፍርግርግ ነበር። መንገዱ ሲታደስ ሠራተኞችዎ አስፋልቱን በፍርግርጉ ላይ አልብሰውት አለፉ። ይህን የሰማሁት ከልጄ ነው፤ ራት ላይ ነበርን። «አባዬ፣ አለቃዬ ዛሬ ደስ ብሏቸው ዋሉ። እንድትደፈን ያዘዟት ፍርግርግ ተደፈነች፤ ከእንግዲህ መኪናው አይንገጫገጭም፣ የስልክ ወሬያቸውም አይቆራረጥም» አለ። እኔም፣ ታዲያ ውኃው በየት ሊወርድ ነው ብዬ ጠየቅሁት። «እሱንማ የፍሳሽ መሥሪያ ቤቱን ጠይቅ» አለኝ። የፍሳሽ መሥሪያ ቤቱስ አለቃህ አይደሉም ወይ ስለው እናቱ ሳቀች፤ እሱም ሳቀ፤ እኔም አብሬያቸው ሳቅሁ። ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል ሲባል ስሰማ ኖሬያለሁ። ከራት ጠረጴዛ እንደሚጀምር ግን አላውቅም ነበር።

አራተኛ፣ ስለ መኪናዋ ጥራት ምስጋናዬን ሳላቀርብ ማለፍ አልወድም። በሮቿ ሲዘጉ የውጭ ድምፅ ወደ ውስጥ፣ የውስጥ ድምፅ ወደ ውጭ የማያሳልፉ መሆናቸውን፣ መስኮቶቿም በኤሌክትሪክ ካልሆነ እንደማይከፈቱ ልጄ በኩራት ይነግረን ነበር። የዚያን ቀን ከድልድዩ ላይ ሆነው ያዩ ሰዎች የእነዚህን ነገሮች እውነትነት መስክረውልኛል። ገመድ ፍለጋ የሮጠ ነበር፤ እስኪመለስ ግን ውኃው ከጣሪያዋ በላይ ሆነ። መብራቶቿ ከድፍርሱ ውኃ ሥር እንደ በሩ ቆዩ፤ ክላክሷም ከሥር ይሰማ ነበር። በኋላ መብራቱ ብቻ ቀረ።

አምስተኛው ጉዳይ የጽሕፈት ቤትዎ ጥፋት እንዳልሆነ በቅድሚያ አረጋግጣለሁ። የእርስዎ ቤት ከእኛ ቤት በላይ በመሆኑ፣ መኪናዋ ጧት ጧት እርስዎን ልታመጣ ስትወጣ በደጃችን ታልፋለች። ልጄ በዚያ ሲያልፍ ለእናቱ ክላክስ ነካ ያደርግ ነበር። አዲሱ ሾፌርም፣ ጨዋ ልጅ ነው፣ መታጠፊያው ስለማያሳይ ብቻ፣ ነገሩን ሳያውቅ፣ እዚያው ቦታ ላይ ነካ ያደርጋል። ባለቤቴ የያዘችውን ትታ በር ልትከፍት ትነሣለች። ሞተሩ ተቀይሯል፣ ድምፁም ሌላ ነው እያልኩ በትዕግሥት አስረድቻታለሁ። «ሞተሩ ይቀየር፤ እጁ የልጄ ነው» ትለኛለች። ከደጅ ስትመለስም «ዛሬም ሳይወርድ አለፈ» ብላ ወደ ሥራዋ ትገባለች።

መካኒኩም አንድ ቀን መንገድ ላይ አስቁሞኝ እንዲህ አለኝ፤ «ጋሼ፣ በሾፌሩ በኩል ያለውን ምንጣፍ ደጋግሜ አውጥቼ ፀሐይ ላይ አዋልኩት። ማግሥቱን ስረግጠው ውኃ ያቀርራል። የሌሎቹ ደርቋል እኮ።» ከምንጣፉ ሥር ያለው ስፖንጅ ውኃ ይዞ እንደሚቆይ፣ ይህም የታወቀ የተፈጥሮ ጠባይ እንደሆነ፣ ልክ በክፍል ውስጥ እንደማደርገው አስረዳሁት። እሱም አንገቱን ነቀነቀ። ከዚያ ወደ ቤቴ ስሄድ ግን በድልድዩ ሥር ማለፍ አቅቶኝ በላይኛው መንገድ ዞርኩ።

ስድስተኛና የመጨረሻው። ፍርግርጉ ዛሬም ከአስፋልቱ ሥር ነው። ሰማዩ መጥቆር ጀምሯል፤ የትምህርት ቤት ልጆች ደግሞ ጧትና ማታ በዚያ ድልድይ ሥር ይመላለሳሉ። ላቀረብኩት ጥያቄ የተሰጠኝ መልስ «በጥናት ላይ ነው» የሚል ነው። ጥናትን የማከብር ሰው ነኝ። ሆኖም ውኃ ወደ ዝቅተኛ ቦታ እንደሚወርድና መውጫ ሲያጣ እንደሚጠራቀም የአራተኛ ክፍል ተማሪዎቼ አንድ ብርጭቆና አንድ ማንቆርቆሪያ ይዘው ያረጋገጡት ስለሆነ፣ ጥናቱን ለማሳጠር የሚረዳ ከሆነ መጥቼ ላሳያችሁ ዝግጁ ነኝ። ሥራውም ዶማ ለያዙ ሁለት ሠራተኞች ከግማሽ ቀን አያልፍም። ቦታውን ፈልጋችሁ እንዳትደክሙ አስፋልቱ ላይ በኖራ አክብቤላችኋለሁ፤ ጎማ ሲያጠፋው ሄጄ መልሼ አከብበዋለሁ። አክብቤ እንደ ጨረስኩም በመጣሁበት እመለሳለሁ።

ይህን ሁሉ የምጽፈው ልጄን እንድትመልሱልኝ አይደለም። ሞተር በሣጥን ታሽጎ ይመጣል፤ ልጅ ግን በሣጥን ታሽጎ ይሄዳል እንጂ አይመጣም። የምለምነው ሌላ እናት ክላክስ በሰማች ቁጥር በር ልትከፍት እንዳትነሣ ነው።

ውድ ጊዜዎን ከዚህ በላይ ላለማባከን፣ ለታላቅ ትዕግሥትዎ ያለኝን አክብሮት እየገለጽኩ፣ ለመኪናዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለእርስዎም ከሐሳብ ነፃ የሆነ እንቅልፍ በመመኘት፣ እጅ ነሥቼ እሰናበታለሁ።

ጡረተኛው የሳይንስ መምህር፣
የቀድሞው ሾፌርዎ አባት

ማሳሰቢያ፦ ይህን ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ አዲሱን ሾፌር ከደጃችን አገኘሁትና በዚያ ድልድይ ሥር ሲያልፍ እንዲጠነቀቅ መከርኩት። «አያስቡ አባቴ፣ ደመና ባየህ ቁጥር በላይኛው መንገድ ዙር ብለው አለቃዬ አዘውኛል» ሲል አረጋጋኝ። እግዜር ይስጥልኝ ክቡር ሆይ፤ እባክዎ የዚህን ትእዛዝ ግልባጭ ለትምህርት ቤቱም ይላኩልን።