ክሩ ወይስ ካሊፐሩ

ሐሙስ፣ ነሐሴ 22

ቀለበቱ ሰፋ። የጎረቤቴ የዘነቡ የልብስ ስፌት መኪና ዘንግ የሚዞርበት፣ ዳንግላ ያለው ቶርኖ ሠሪ በብረት መቁረጫ ማሽኑ ቆርጦ የላከው የነሐስ ቀለበት። ገና ስትረግጠው መኪናው ተንቀጫቀጨ፤ መርፌም ሰበረ። ትምህርት ቤት ሊከፈት ነው፤ የስንቱን ልጅ ዩኒፎርም ተቀብላለች።

"ያ ሰውዬ ዓይኑን ይታከም!" አለች።

የተሰበረውን መርፌ ከወለሉ ለቀምኩ። ልኩን የሰጠሁት እኔ ነኝ። ዘንጉ ላይ ክር ጠመጠምኩ፣ ክሩን በማስመሪያ ለካሁ፣ 37 ተኩል ሚሊ ሜትር። ዙሪያው ለሦስት ሲካፈል ውፍረቱ 12 ተኩል።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 24

እንጅባራ ገበያ ካሊፐር ፍለጋ፤ ዕቃ በአፉ ነክሶ ውፍረት የሚለካውን። ባለ ባትሪው ሳይነካ ቁጥሩ ይዘላል። የፕላስቲኩ አፉ ሲገጠም ብርሃን ያሳልፋል። ሦስተኛው ባለ መስመር ብረት ነው፤ ትንሽ ዝጓል፣ አፉ ግን ጥርቅም ይላል።

"እናቴ፣ ይኼ እኮ ኪሮሽ አይደለም" አለኝ ሻጩ።

"ኪሮሽማ አለኝ" ብዬ ገዛሁት።

አነባበቡን ከአንድ የተቀደደ የመማሪያ መጽሐፍ ገጽ ተምሬያለሁ። የዘነቡን ዘንግ ለካሁ። 11.95! ክሩ 12 ተኩል ብሎ ነበር። አንዱ ይዋሻል። ይኼ ርካሽ ካሊፐር ይሆናል።

እሑድ

ዝናብ። ያገኘሁትን ሁሉ ለካሁ። ሳንቲም፣ ክብሪት፣ የሽንኩርት ልጣጭ። የፀጉሬ ውፍረት አንዲት መስመር ሞላ። ደስ ሲል! ግን እውነት ይሁን ውሸት በምን አውቃለሁ?

ሰኞ

የባጃጅ መለዋወጫ ሱቅ ሄድኩ። አዲስ ኩሽኔታ፣ ያ ጎማ የሚዞርበት የብረት ቀለበት፣ ልኩ አይሳሳትም ይባላል።

"ውስጡ 15፣ ውጩ 35" አለኝ ባለሱቁ።

ካሊፐሩን አስገባሁ፤ 15። ውጩን ያዝኩ፤ 35። ደገምኩት። ያው ነው።

ከዚያ ክሩን አውጥቼ ኩሽኔታውን ጠመጠምኩት፤ 110። ለሦስት ሲካፈል 36 ከምናምን። ለካስ ሦስት አይበቃም! ሦስት እና ትንሽ ነው። ያቺ ትንሽ ናት መርፌ የሰበረችው።

ዳንግላ ለቶርኖ ሠሪው ደወልኩ። "አሥራ ሁለት፣ ትክክል አሥራ ሁለት አድርገው።"

"ባለፈው አሥራ ሁለት ተኩል ነበር እኮ! ዘንጉ ፍልሰታን ጾመ እንዴ?"

"የተሳሳትኩት እኔ ነኝ" አልኩት። ለእሱ መንገር ቀለለኝ። ለዘነቡ ገና አልነገርኳትም።

ረቡዕ

ቀለበቱ በሚኒባስ መጣ። ዘይት ቀብቼ በአውራ ጣቴ ገፋሁት፤ ቀስ ብሎ ገባ። ዘነቡ ረገጠች። መንቀጫቀጥ የለም። አንድ እጅጌ ሙሉውን ሰፋች፤ መርፌው እንዳለ ነው።

"ሰውዬው ተማረ ማለት ነው" አለች።

"የተማርኩትስ እኔ ነኝ" ብዬ የክሩን ነገር ነገርኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። "ይህን ሁሉ ቀን ሰውዬውን ሳማው ዝም ብለሽ ሰማሽኝ?"

መልሴን ሳትጠብቅ ሁለተኛውን እጅጌ ከመርፌው ሥር አስገባች።