ወፍራሙ ሁለት

ይድረስ ለባሌ እናት፣ ለእኔም እናት፤

እንደምን ከረሙልኝ? ጉልበትዎስ እንዴት ሆነልዎት? ዝናቡ ሲበረታ ቀኝ ጉልበትዎን እንደሚጠዘጥዝዎት ስለማውቅ፣ እዚህ ኦሳካ ሰማዩ በጠቆረ ቁጥር ሐሳቤ ወደ ዋካሳ፣ ወደዚያ በባሕሩ ዳርቻ ወዳለው ቤትዎ ይሄዳል። በጨው የዘፈዘፉልኝ ኮምጣጣው የኡሜ ፍሬ ደርሶኛል። ማኘክ ስለማልችል በሩዝ አጥሚት እየበጠበጥኩ እጠጣዋለሁ። እጅዎ ይባረክ።

እኔ ደህና ነኝ ልል ነበር፤ የደብዳቤ ወጉ እንደዚያ ነውና። መንጋጋዬ በሽቦ ታስሮ ደህና ነኝ ማለት ግን በእርስዎ ላይ መቀለድ ይሆንብኛል። ስለዚህ ደህና አይደለሁም፤ ግን በሕይወት አለሁ።

ከኡሜው ማሰሮ ጋር የላኩትን ወረቀትም አየሁት። «ባለቤቴን ይቅር ብያለሁ፣ ቅጣቱ ይቅለልልኝ» ይላል፤ የቀረው በፊርማ ፈንታ የሚያርፈው የእኔ ማኅተም ብቻ ነው። ኩኒሂኮ አሁን ሌላ ሰው ሆኗል ብለውኛል። ፖሊስ ጣቢያ ሄደው ሲጠይቁት ግንባሩን መስታወቱ ላይ ደፍቶ አለቀሰ አሉኝ። አምናለሁ። ልጅዎ ማልቀስ ያውቅበታል። በመታኝ ማግሥት ሁሉ ግንባሩን ምንጣፉ ላይ ደፍቶ «ከዛሬ ጀምሮ አዲስ ሰው ነኝ» እያለ ሲያለቅስ ኖሯል። እኔም ሻይ አፍልቼ አስነሳው ነበር።

ማኅተሜን ከማንሳቴ በፊት ግን ያን ቀን የሆነውን ልንገርዎ። እርስዎ ክፍሎቹን ከሚለየው ከወረቀት የተሠራ ተንሸራታች በር ወዲያ ስለነበሩ ሰሙት እንጂ አላዩትም።

ያ ሺራሳጊ የሚባል አሮጌ ኮምፒውተር ከእኔ በፊት ያገባው ሚስቱ እንደነበረ ያውቃሉ። ፋብሪካው ከተዘጋ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ ዲስኮቹም እየሻገቱ ነበር። ኩኒሂኮ በዛሬ ኮምፒውተር ውስጥ ያንን አሮጌ ማሽን መስሎ የሚነሳ አንድ ጥቅል ሊሠራ ተነሳ። ከአንደኛው ቨርዥን እስከ አምስተኛው፣ የሺራሳጊ ኦፐሬቲንግ ሲስተም በሙሉ ከነፋይሎቹ እዚያ ውስጥ ሊገባ ነበር። ስሕተቱን እንኳ ማረም አይፈቅድም። «የድሮዎቹ ጨዋታዎች የቆሙት ስሕተቱን ተደግፈው ነው፤ እሱን ካነሳሽው ይወድቃሉ» ይለኝ ነበር። ይህን ሲሠራ እወደው ነበር፤ አልዋሽም። ለሻገተ ዲስክ ያለው ትዕግሥት ያስገርመኝ ነበር። ግማሹ ለሰው ቢሆን ኖሮ ይህን ደብዳቤ አልጽፍም።

ሊጠይቁን በመጡበት ሰሞን እርስዎም «ከምጎለት ልርዳችሁ» ብለው ኪቦርዱ ላይ ተቀመጡ። እኔና እርስዎ በተራ በተራ የፋይሎቹን ስም ከዲስኮቹ ላይ እያነበብን እንጽፍ ነበር። የዓሣ አጥማጆች ማኅበር ጸሐፊ ሳሉ የለመደው እጅዎ ያችን የጎበጠች የቀለበት ጣት እንኳ ሥራ አላስፈታትም። ቁጥር ላይ ሲደርሱ ግን ቆም ይሉና ኪቦርዱን ወደ ወፍራሙ ጽሕፈት ቀይረው «ካልወፈረ ዓይኔ አያየውም» ብለው ይስቁ ነበር። እኔም እስቅ ነበር። «የትኛው ቨርዥን ነው ጥሩው?» ብለው ሲጠይቁት ኩኒሂኮ የመለሰውን ያስታውሳሉ? «እማዬ፣ ቨርዥን ዲስክ ላይ ያለ ነገር ነው። ዲስኩን ብትቀያይሪው ከሥር ያለው ቺፕ ያው ነው» አለዎት። ሌላ ሰው ሆኗል ሲሉኝ ትዝ ያለኝ ይህ ነው።

ጥቅሉ ባለቀ ማግሥት የሺራሳጊ ወዳጆች ወደሚሰበሰቡበት አዳራሽ ይዞት ሄደ። እኔም ዕቃ ተሸክሜ ተከተልኩት። አንደኛው ቨርዥን ሲነሳ ሽበታም ሽማግሌዎች እንደ ሕፃን አጨበጨቡ። ሁለተኛው ላይ ማያው ጨለመና «ፋይሉ አልተገኘም» አለ። ደግሞ ሞከረ፤ ያው ነው። ያ ሙኔታካ የሚባለው ቀልደኛ ከኋላ ሆኖ «እንዴ ኩኒ! ሁለተኛው ሞቷል እንዴ? ብትነግረን ጥቁር ለብሰን እንመጣ ነበር እኮ!» አለ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

ኩኒሂኮ ሄዶ በግንባሩ አፍንጫውን አፈረጠው። ሰውየው ሲወድቅ የብረት ወንበር አንስቶ ደገመው። ሦስተኛውን ሊያሳርፍ ሲል ተረባርበው ያዙት። ደሙ ጠረጴዛው ላይ፣ ኪቦርዱ ላይ፣ የእኔ ጫማ ላይ ሳይቀር ተረጭቶ ነበር። በባቡሩ ስንመለስ ዲስኩን ጉልበቱ ላይ ደጋግሞ ይጠበጥብ ነበር። እኔ ግን ያ ጥብጠባ ቤት ስንደርስ ምን እንደሚሆን አውቀው ነበር።

ጫማውን ሳያወልቅ ምንጣፉ ላይ ወጣ፤ ይህን አድርጎ አያውቅም። ኮምፒውተሩን ከፈተና ወዲያው አገኘው። እናቴ፣ እርስዎ ይህን ላያውቁት ይችላሉ፤ ኪቦርዱ ሁለትን ቀጭንም ወፍራምም አድርጎ ይጽፋል፤ ለእኛ ሲነበቡ ሁለቱም አንድ ናቸው፤ ለማሽኑ ግን ፈጽሞ የማይተዋወቁ ናቸው። ቀጭኑን ሲፈልግ ወፍራሙ ከተቀመጠለት ፋይሉ የለም ይላል። «ሁለቱ ወፍራም ነው!» ብሎ ጮኸ። «ማን ነው ይሄን የጻፈው?»

እኔ ነኝ አልኩት።

የሺራሳጊን ኪቦርድ በገመዱ ጎትቶ አነሳው። ሆዱ ብረት ነው፤ ያውቁታል። የመጀመሪያው ትከሻዬ ላይ አረፈ። ሁለተኛው መንጋጋዬ ላይ ሲያርፍ ከሕመሙ በፊት ድምፁን ሰማሁት፤ ደረቅ ቀርከሃ ሲረገጥ እንደሚለው ዓይነት። የኪቦርዱ ቁልፎችና ጥርሶቼ አብረው ምንጣፉ ላይ ተበተኑ፤ የትኛው የማን እንደሆነ መለየት አልቻልኩም። ፀጉሬን ይዞ ወደ ጓዳ ጎተተኝ፤ ጉልበቱን ደረቴ ላይ አድርጎ «ቀጭንና ወፍራም መለየት አስተምርሻለሁ» እያለ በጡጫ ወቀጠኝ። እጄ ማንቆርቆሪያውን አገኘ። የፈላውን ውኃ እግሩ ላይ ደፋሁበት። አልጸጸትም፤ ቢሞላ ኖሮ ምን ያህል ደስ ባለኝ! ጮኸ፣ ተነሳና በደህናው እግሩ ጎኔን ይረግጠኝ ጀመር።

ያተረፈችኝ ጎረቤታችን ወይዘሮ ኢሶጋይ ናት። ግድግዳውን በከዘራዋ እየደበደበች «ፖሊስ ጠርቻለሁ! አንተ ውሻ፣ ጉልበትህ ሴት ላይ ነው? ወንድ ከሆንክ ና እኔን ምታ!» ስትል እሰማት ነበር። ያቺ ደረጃ መውጣት የሚያቅታት አሮጊት! ጎኔ ባይሰበር ኖሮ እስቅ ነበር።

የወረቀቱ በር ግን አልተከፈተም። መብራቱ ከኋላዎ ስለነበር ጥላዎ ይታየኝ ነበር፤ ተንበርክከው ሁለት እጅዎን ጆሮዎ ላይ አድርገው ነበር። ሐኪሙ ምን ሆና ነው ሲል ደግሞ እኔ መናገር ስለማልችል እርስዎ «ከደረጃ ወድቃ ነው» አሉት። ተቀይሜዎት ነበር። አልጋው ላይ ሆኜ ግድግዳውን እያየሁ በጣም ተቀየምኩ። ኋላ ግን ያቺ የጎበጠች ጣትዎ ትዝ አለችኝ። «በር ዘግቶባት ነው» ይላሉ ሁልጊዜ። የኩኒሂኮ አባት በሞተ ጊዜ ያ በር ሰው መስበር እንዳቆመ ልብ ብዬ አላውቅም ነበር። እኔ ደረጃ ገጥሞኝ፣ እርስዎ በር።

ላም እሳት ወለደች፤ እንዳትልሰው ፈጃት፣ እንዳትተወው ልጅ ሆነባት። ይገባኛል። ስለዚህ አልፈርድብዎትም። ማኅተሜን ግን አልመታም።

በጥላቻ እንዳይመስልዎት። እሱን መጥላቱም ደክሞኛል። ነገሩ ወዲህ ነው፤ ወረቀቱ ላይ ማኅተሜ ካረፈ ቶሎ ይፈታል፤ ሲፈታ ወዴት ይሄዳል? እዚህ ቤት የለውም። የሚመጣው ወደ እርስዎ ነው።

ያን ማኬሬል ያስታውሱታል? ከገበያ ይዤው የመጣሁትን፣ «እንዲህ የሰባ ዓሣ ዋካሳም የለ» ብለው ራስዎ ጨው ነስንሰው የጠበሱልንን? ሁለተኛው ቨርዥን የተጻፈው እኔ እሱን ልገዛ በወረድኩበት ከሰዓት ነው። ስመለስ በሩ ላይ ተቀብለው «ሁለተኛውን ጨርሼ ጠበቅሁሽ» አሉኝ፤ ፊትዎ በርቶ ነበር።

ይህን ለፖሊስ አልነገርኩም። ለወይዘሮ ኢሶጋይም አልነገርኩም። «ማን ነው?» ሲል ዓይኑ ወደ ወረቀቱ በር ሄዶ ነበር። እዚያ ዋካሳ ግን «እኔ ነኝ» የሚልልዎት ሰው የለም።

የሰው ዕቃ ባዶውን አይመለስምና በማሰሮው ውስጥ ሁለት ነገር አድርጌልዎታለሁ፤ አንዱ ማኅተም ያልነካው ወረቀትዎ ነው፣ ሌላው አሁን ያለሁበት ቤት ቁልፍ። አድራሻውን በጽሑፍ አላስቀምጥም፤ ለወይዘሮ ኢሶጋይ ይደውሉላት፣ መንገዱን ትነግርዎታለች። ቤቱ ጠባብ ነው፤ ለሁለት ሰው ምንጣፍ ግን ይበቃል። የሚቆለፍ በር አለው፤ ደረጃ የለውም። የሞቱ ዘመዶች ፎቶ ለሚቀመጥበት ለቡድሃው መሠዊያ የሚሆን መደርደሪያም አለ፤ የኩኒሂኮን አባት ፎቶ ይዘው መምጣትዎን ግን ለእርስዎ ትቼዋለሁ። ለጎረቤት ደህና ሁኑ ለማለት አይዘግዩ፤ ብቻ ይምጡ።

መንገድዎ የቀና፣ ጉልበትዎ የበረታ ይሁን። ያሳለፉት ሁሉ ይብቃዎት። እዚህ ቤት ሲደርሱ ሁለትን የፈለጉትን ያህል አወፍረው ይጻፉ።

ልጅዎ