የሰልማ ላምና የመምህርት እቴነሽ ሙላቴ ዕድሜ

እኔ የመምህርት እቴነሽ የወንድማቸው ልጅ ይሻው፣ በዚህች ቤተ ክርስቲያን ደጅ ቆሜ እምላለሁ፤ ለማመን ቢያስቸግርም፣ የምትሰሙት ሁሉ አንድም ሳይቀር እውነት ነው።

መምህርት እቴነሽ ከአባታቸው ከአቶ ሙላቴ ጥላዬና ከእናታቸው ከወ/ሮ ፈንታነሽ ደስታ በ1953 ዓ.ም. በሐሙሲት አካባቢ ተወለዱ። ትምህርታቸውን በሐሙሲትና በደብረ ታቦር ተከታትለው በ1975 ዓ.ም. መምህርት ሆኑ። በ1978 ዓ.ም. ከአቶ ደሳለኝ ጋር ተጋብተው ፋሲካንና ማስተዋልን ወልደዋል።

ከ1990 ዓ.ም. ጀምሮ በደብረ ታቦር ሕፃናት አስተማሩ። ጠዋት እንደ እንቁራሪት ያስዘልሏቸዋል። ቀጥሎ ጭቃ ከጭድና ከእበት ለውሰው ከብት ያሠሯቸዋል። በመጨረሻም ሁሉም የሠራውን ታቅፎ ተረቱን ያወራል። ሰልማ የምትባል የአምስት ዓመት ልጅ የሠራቻትን ላም የጎረቤት ጥጃ አጥር ጥሶ ገብቶ ሊጠባት ሲታገል፣ የጭቃ ጡቷን ልሶ ጨረሰው።

በ2008 ዓ.ም. አንድ ተቆጣጣሪ መጣ። አንቱ ብዬ ልጽፈው ሞክሬ ነበር፣ እጄ ተጸየፈ። አፍንጫውን በመሀረብ ይዞ፣ «መምህርት፣ ይኼ ትምህርት ቤት ነው ወይስ በረት? ልጅ ቁጭ ብሎ ሀ ሁ ይበል እንጂ!» አለ።

«ጌታዬ፣ እርስዎ በአምስት ዓመትዎ ቁጭ ብለው ነበር?» ቢሉት ቱግ አለ። የሠላሳ ሁለቱን ልጆች ከብት በአካፋ አስዝቆ ሽንት ቤት ጉድጓድ አስጨመረ፤ ልጆቹ እያዩ። ሰልማ «ላሜ! ላሜ!» እያለች ጉድጓዱ አፍ ላይ ተንበረከከች። የጨዋታውም ሰዓት በዚያው ተሰረዘ።

እበት የማይጠየፉት ሴት፣ እሱ የረገጠውን ደጅ ሦስት ቀን በአመድ አጠቡ። ሰዓቱ እንዲመለስ፣ ሰውየውም ልጆቹን ይቅርታ እንዲጠይቅ በየዓመቱ አመለከቱ። መልስ የለም። ጡረታ ወጥተውም ቅዳሜ ቅዳሜ በግቢያቸው ጭቃ ያስለውሱ ነበር።

በ2017 ዓ.ም. ጥር ላይ በስኳር ሕመም አልጋ ያዙ። ያን ጊዜ ሰውየው ድንጋይ ተሸክሞ መጥቶ፣ ደጃፋቸው ላይ ወድቆ «በድያለሁ፣ ይማሩኝ» አላቸው። መጋቢት 9 ቀን በ64 ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸው፣ ሁለት ልጆቻቸውና አራት የልጅ ልጆቻቸው ያለቅሱላቸዋል። አዳምን ሲያበጅ እጁ አፈር የነካ አምላክ የእሳቸውን እጅ አይጠየፍምና፣ በአብርሃም እቅፍ ያኑርልን።

የጥጃውን ነገር ባለቤቱን ጋሽ ይማምን ጠይቁ፤ እዚሁ ናቸው። አንዲት ነገር ግን ከራሴ ጨምሬያለሁ። ድንጋይ ተሸክሞ የመጣ የለም። አክስቴ እስከ መጨረሻዋ ቀን በር በሩን ሲያዩ ነበር። ሰውየው ዛሬ ከለቀስተኛው መሀል ካለ፣ በዚህ ደጅ ድንጋይ ሞልቷል።