የቤዝመንቱ ዜማ

ሬይኖልድስበርግ፣ ኦሃዮ
የካቲት 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሐምራዊት፣

የአላስካ ብርድ እንዴት ይዞሻል? ስልክ ስደውል «ፈረቃ ልገባ ነው» ብለሽ ስለምትዘጊ በወረቀት መጣሁ። እኛ ደኅና ነን። የልጅሽ የባርኮት የአይሪሽ ዳንስ ጫማ፣ ያ እንደ መዶሻ የሚያንኳኳው፣ ጠቧት አዲስ ገዛሁላት። የምትደንስበትንም ጣውላ እኔው ቆርጬ ከታች ቤዝመንት አነጠፍኩ።

በአይሪሾቹ በዓል፣ በቅዱስ ፓትሪክ ዕለት፣ መጋቢት 8 ትደንሳለች። እንደማትመጪ ነግረሽኛል። ባልሽ ብሬንደን ካረፈ ወዲህ የእሱን ሙዚቃ መስማት እንደከበደሽ አውቃለሁ። ልጅቱ ግን «በአባቴ ዜማ ካልሆነ አልደንስም» ብላለች። ግትርነቱን ከማን እንዳመጣችው አላውቅም።

ብሬንደን ከአይሪሽ አያቱ የወረሰው ያ ዜማ ስምም ኖታም የለውም፤ የቀዳውም ሰው የለም። ስለዚህ ማሲንቆ አስመጥቼ ለብቻዬ ተማርኩ። ጎረቤታችን ወሰንየለሽ ሰምታ፣ «ጋሼ ደጀን፣ በስተርጅና አዝማሪ ሆኑ እንዴ?» አለችኝ። በሩን ዘጋሁባት። ባርኮትም አትምረኝም፤ «አባባ፣ ቱ ስሎው! እግሬ አየር ላይ ቀረ እኮ!» ትለኛለች። እጇን ከጎኗ ሰብስባ አገጯን ቀና ስታደርግ፣ ቫዮሊኑን ሊጀምር ሲል ቁርጥ አባቷን ናት።

ዜማውን ከየት አመጣኸው ትይኝ ይሆናል። ቤዝመንት በምትኖሩበት ጊዜ ብሬንደን ቅዳሜ ቅዳሜ ሲጫወት፣ እኔ ከላይ እንዲያቆም ወለሉን በከዘራ እመታ ነበር። ጆሮዬ ደኅና ነው፤ የሰማሁትን አልረሳም። የመጀመሪያውን ክፍል ይዣለሁ። ሁለተኛውንም ይዣለሁ። ሦስተኛው ላይ ማሲንቆው ይቆምብኛል፤ ከዘራው የሚያርፈው እዚያ ላይ ነበር።

ባርኮት እዚያ ስትደርስ አንድ እግሯን አንሥታ ትጠብቀኛለች።

«ከዚያስ አባባ?»

«ከዚያ ያለውን እናትሽ ታውቀዋለች።»

ቫዮሊኑን ካስቀመጠ በኋላ የቀረውን በለሆሳስ ያንጎራጉርልሽ ነበር። ከላይ ሆኜ ድምፁ ይሰማኛል፣ ዜማው ግን አይለይልኝም። ወለሉ ላይ ተንበርክኬ፣ ጆሮዬን ምንጣፉ ላይ አድርጌ ሳይቀር ሞክሬ ነበር፤ አልያዝኩትም።

በስልክ እንዳታንጎራጉሪልኝ፤ እኔ በስልክ ዜማ አልማርም። እዚህ ጣውላው አጠገብ ቆመሽ አንጎራጉሪላት። በረዶ እንዳያሰናክልሽ ቀደም ብለሽ ተነሺ፤ ኤርፖርት እኔው እመጣለሁ።

እግዚአብሔር መንገድሽን ያቅናልሽ። የልጄን የብሬንደንን ነፍስ ይማርልን።

አባትሽ
ደጀን